ስንት አመጣህ?

የማትሪክ ውጤት ከባለቤቱ ዕድሜ ጋር ያድጋል። ሃያ ዓመት ላይ ሁለት ነጥብ ሁለት የነበረው ሠላሳ አምስት ላይ ሁለት ነጥብ ስምንት ይሆናል። ልጅ ተወልዶ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ደግሞ ሦስትን ይሻገራል። ባሌ፣ አጋርፋ ውስጥ አንድ አብሮ አደጌ አለ። ባለፈው ልጁን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ «እኛ እኮ በኩራዝ አጥንተን ሦስት ነጥብ ሁለት ያመጣን ሰዎች ነን» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። ውጤታችንን ያየነው አንድ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ተጋፍተን ነው፤ ስንት እንዳመጣ አውቃለሁ። ቡናዬን ፉት ብዬ ዝም አልኩ። እሱም በዓይኑ አመሰገነኝ።

ልጁ ግን ዝም የሚል አልሆነም። «ሦስት ነጥብ ሁለት ካመጣህ ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ለምን አልገባህም?» አለው።

«ያኔ ፖለቲካ ነበር» አለ አባት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ግን አልሳቀም። ውጤት እየጠበቀ ነበር።

እኔ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ ከሚፈተኑት ልጆች ይልቅ ውጤት የሚጠብቁት ወላጆች ያስጨንቁኛል። ልጆቹ ከፈተናው ማግስት ኳስ ሜዳ ላይ ናቸው። እናትና አባት ግን ያደሩበትን ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፦ ፊዚክሱ ከበደ ወይ? አፕቲትዩዱን ጨረሰው ወይ? ስንት ጥያቄ ዘለለ? ስልካቸውን አውጥተው የአምናውን የማለፊያ ቁጥር ያሳዩኛል። እኛ የዛሬ ወላጆች ፊደል ቆጥረናል፣ ድርሰት ጽፈናል፣ ብዙዎቻችን ዲግሪ አለን። ስለ ፈተና የማናውቀው ነገር የለም። እንደማየው ከሆነ ግን ምንም የማያውቁት ወላጆቻችን ከእኛ በተሻለ መጠበቅ ይችሉ ነበር።

ማትሪክ የተፈተንኩት በ1986 ነው። የተማርኩት ጎባ ነበር። ጎባ ያኔ የክፍለ ሀገር ዋና ከተማነቷን ለሮቤ ማስረከብ የከበዳት፣ ኩራቷ ያልበረደላት ከተማ ነበረች። ከአጋርፋ የሄድን ልጆች አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ፍራሽ ዘርግተን፣ ከቤት በሚላክ ስንቅ እንኖራለን። ስንቁ ቆሎ፣ በሶ፣ ሲደላ ደግሞ ጩኮ ነው። እናቴ የምትልከውን ጩኮ ቅቤው ደረቱ ላይ እስኪፈስ ድረስ የበላ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ከጤንነቴ በፊት ስለ እሷ ጩኮ ያነሳል።

ፈተናው ያኔ በፊደል ነበር። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ። እንግሊዝኛና ሒሳብ ሳይቀሩ አምስት ትምህርት ተደምሮ ከአራት ነጥብ ይታሰባል። አገሪቱ በጠቅላላ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ናቸው፤ አዲስ አበባና ዓለማያ። የተቀረው ኮሌጅና ማሰልጠኛ ነው። በሩ ጠባብ ነበር፤ ዛሬ ዘመኑን ስናሞግስ ይህን ብንዘልለው ይሻለናል። ከእኛ ክፍል ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄዱት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የቀሩት የት ሄዱ ለሚለው ግን መልስ ነበረ፤ እመለስበታለሁ።

ውጤቱ የመጣው ነሐሴ ላይ ነው። ነሐሴ ለባሌ ገበሬ ፋታ የሌለው ወር ነው። የሌላው አገር ገበሬ ክረምቱን አንድ ሥራ ይዞ ሲውል፣ የእኛ አገር ገበሬ በአንድ እጁ በበልግ የዘራውን የገነ ሰብል ከዝናብ እየሰረቀ ያነሳል፣ በሌላ እጁ ለቦነ፣ ለመኸሩ ማለት ነው፣ ይዘራል። አባቴ በዚያ ሰሞን የሚጠብቀው ዝናቡ ለሁለት ቀን እንዲያባራለት እንጂ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ወረቀት አልነበረም። ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወረቀቱ በሻሸመኔ ይሁን በአሰላ፣ በየትኛው መኪና ይሁን፣ ዶዶላ ላይ ጭቃ ይያዝ አይያዝ የሚያውቅ የለም። ወሬው ብቻ ቀድሞ ይመጣል። «ውጤት ወጥቷል» ይባላል፤ ልጅ ሁሉ ነቅሎ ወደ ጎባ ይሄዳል፤ አልወጣም። ያኔ ተመልሶ ጭነት መኪና ጀርባ ላይ ወጥቶ፣ ከዲንሾ በኩል በሚወርደው ብርድ እየተንቀጠቀጡ ወደ ቤት መግባት ነው።

በመጨረሻ ወጣ። ሰሌዳው ሥር የነበረውን ግፊያ አልተርክም፤ ያየው ያውቀዋል። ልብ ያልኩት ነገር አንድ ነው፤ ማንም የራሱን ብቻ አላየም። ቁመት ያለው ልጅ የኋለኞቹን ቁጥር እየተቀበለ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። የአንተን ውጤት አንተ ሳታውቀው ግቢው ያውቀዋል። ይህ ለወደቀው ጭካኔ ነበር ብሎ የሚከራከረኝ ቢኖር እውነት አለው። ሆኖም የወደቀውን ልጅ በዚያች ሌሊት ብቻውን ያሳደረው ሰው አልነበረም። ከአጋርፋ የሄድነው ሁላችንም በአንድ መኪና ተመለስን። ሦስት ነጥብ ስምንት ያመጣው ልጅ አንድ ኤፍ ከታቀፈው አጠገብ ተቀምጦ፣ መንገዱን ሙሉ የራሱን ነገር አላነሳም።

ቤት ስገባ መጀመሪያ ያገኙኝ ጎረቤታችን ሀጂ ናቸው።

«ዳርቢቴ?» አሉኝ፤ አለፍክ ወይ ማለታቸው ነው።

ምን ልበላቸው? ሁለት ነጥብ ስድስት ለዩኒቨርሲቲ አይበቃም፣ ወድቄያለሁም አያሰኝም። «አላውቅም ሀጂ» አልኩ። «እንግዲያው አልወደቅክም፤ የወደቀ ያውቃል» አሉና ተከትለውኝ ገቡ።

አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ማንበብ አይችልም። ለሀጂ ሰጣቸው። ሀጂ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ያላቸው ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ምስክር ወረቀቱ በሀ ሁ ነው። የእኔ ወረቀት የተጻፈው በፈረንጅ ፊደል መሆኑን ሲያዩ «ይሄ የእኛ አይደለም» ብለው መለሱለት። አባቴም ጠየቀኝ።

«ስንት ፊደል ነው?»

«አምስት።»

«አምስቱንም ሰጡህ?»

«ሰጡኝ።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

ላስረዳው ሞከርኩ። ኤ ከቢ እንደሚበልጥ፣ ሁለት ነጥብ ስድስት ከአራት ማለት ምን እንደሆነ፣ መግቢያ ነጥብ የሚባል ነገር በሬዲዮ እንደሚነገር። አዳመጠኝ። ስጨርስ ከሀጂ ጋር ስለ ገብሱ ማውራት ጀመረ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ የጠየቀችኝ ደግሞ ስለ እኔ አልነበረም። «ሌሎቹ ልጆችስ?» ነው ያለችው። ጩኮዋን የበሉትን ሁሉ በየስማቸው አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። አንድ ኤፍ የታቀፈው ልጅ ጋ ስንደርስ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ እነ እናቱ ቤት ሄደች። አምሽታ ተመለሰች። ምን እንዳለቻቸው አልነገረችኝም።

በማግስቱ ሀጂ ያደሩበትን ሐሳብ ይዘው መጡ፦ ሮቤ ላይ የመምህራን ማሰልጠኛ አለ፤ በዚህ ውጤት ይወስዳል ብለዋል። ከማን እንደሰሙ እንጃ። እውነት ነበር። ያ የሀጂ ሐሳብ ይኸው እስከ ዛሬ ጠመኔ ያስይዘኛል።

ከላይ «እመለስበታለሁ» ያልኩት ይህንኑ ነው። ያኔ ከላይ ያለው በር ሲዘጋ ከጎኑ ሌላ በር ነበረ። ሁለት ከምናምን ያመጣ ማሰልጠኛ ይገባል፤ ከዚያ ዝቅ ያለ ፖሊስ፣ ጤና ረዳት፣ ጸሐፊ፣ ወታደር ይሆናል፤ ከዚያም የወረደ እርሻው አለ። አጋርፋ ይህን ከሌላ ከተማ ይልቅ ታውቃለች። የአጋርፋን ስም ባሌን ረግጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር የሚያውቀው በማሰልጠኛው ነው። በደርግ ዘመን ከየክፍለ ሀገሩ የገበሬ ማኅበር ሰዎች እየመጡ የሚሠለጥኑበት ግቢ ነበር። በኋላ አሠራሩ ተቀየረ። በ1993 ማትሪክ አሥረኛ ክፍል ላይ ወረደና ልጆች በአሥራ ስድስት ዓመታቸው መሰናዶ የሚገቡና የማይገቡ ተብለው ተለዩ። ማሰልጠኛውም የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሆኖ የማይገቡትን መቀበል ጀመረ። መሰናዶ ያልደረሰው ልጅ አጋርፋ ገብቶ በሦስት ዓመት የልማት ሠራተኛ ሆኖ ይወጣ ነበር።

እኛ የአገሪቱን ውጤት የምናውቀው በዚያ ነበር። መስከረም ሲጠባ ሻንጣ የያዙ የሌላ አገር ልጆች ከመኪና ይወርዳሉ፤ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከደቡብ። ፊታቸው እንደ ሐዘንተኛ ነው። አባት አድርሶ ሲመለስ ልጁን አቅፎ «አይዞህ» አይለውም፤ «እንግዲህ የመጣልህ ይሄ ነው» ይለዋል። የከተማችን ሴቶች ግን «የወደቁ ልጆች መጡ» አይሉም ነበር። «ተማሪዎቹ መጡ» ይላሉ፤ ወተትና ዳቦ የሚሸጡትም ይነቃቃሉ።

ከእነዚያ ልጆች አንዳንዶቹን በኋላ ማሳ ውስጥ አየኋቸው። በ2006 መኸር ዲገሉ የሚባለው ስንዴ በግንድ ዋግ ተመታ። ገበሬው ዲገሉን የወደደው ቢጫ ዋግን ችሎ ስላለፈ ነበር። ይኼኛው ዋግ ግን ሌላ ነው፤ አዝመራው ሊደርስ ሲል ገለባውን አጥቁሮ ፍሬውን አጨማደደው። ኮምባይነር ሊያስገባ ብር ያዘጋጀ ገበሬ ማሳውን አይቶ የኮምባይነሩን ሰው መለሰው። ያን ሰሞን የሲናና ምርምር ሰዎችና የዩኒቨርሲቲ ምሁራን ሁሉ መጥተው ነበር። ጎህ ሲቀድ ግን ቡትስ አጥልቆ ከማሳ ማሳ እየዞረ ቅጠሉን የሚገልጠው፣ ኬሚካሉን ስንት ሊትር በስንት ውኃ እንደሚበጠበጥ ለገበሬው የሚያሳየው አሥረኛ ክፍል ላይ «አልመጣለትም» የተባለው ልጅ ነው። እናቱ ግን እስከ ዛሬ ለሰው የምትነግረው ስለ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ታላቁ ኢንጂነር ነው።

አሁን በሮቹ በሌላ መልክ ተሠርተዋል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ መጥቶልናል። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ ላይ በ1999 ሥራ ሲጀምር የአካባቢያችን ወላጅ «በቃ፣ ልጄ ከቤቱ እየተመላለሰ ይማራል» አለ። ለተወሰኑ ዓመታትም በሩ ሰፊ ነበር። እንዲያውም በጣም ሰፊ። ኩረጃው አፍ አውጥቶ የሚናገርበት ጊዜ መጣ። ፈታኝ ሆኜ በቆምኩባቸው ክፍሎች ጀርባዬን እንድሰጥ የተለመንኩትን ልመና ባወራ አያልቅም፤ የሚለምኑት ደግሞ ልጆቹ ብቻ አልነበሩም። ግንቦት 2008 ላይ የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ አገር አቀፉ ፈተና ተሰረዘ። ኦሮሚያ በተቃውሞ ወራት አልፋ ልጆቹ ትምህርት ያገኙበት ቀን ጥቂት ነበር። ሐምሌ ላይ ሲፈተኑ ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘጋ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ኢንተርኔቱ በጠቅላላ። አንድ ወላጅ «ለፈተና ብለው አገር ያጠፋሉ እንዴ?» ያለኝን አስታውሳለሁ፤ ባንክ ሄዶ ሥራ የለም ተብሎ ነበር።

ከዚያ የ2014 ተፈታኞች ተራ ደረሰ። ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባ። ልጆቹ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ጥቅምት 2015 በአውቶቡስ ተጭነው፣ ስልክ ሳይዙ፣ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ሮቤ ላይ የዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ የቆሙትን ወላጆች አየሁ። ዲግሪ ያላቸውም ፊደል ያልቆጠሩትም አንድ ላይ ናቸው። ስልክ የለም፤ «ፊዚክሱ እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ የለም። አንዲት እናት ጥበቃውን «ልጄ ይበርደዋል፣ ጋቢውን ብቻ አስገባልኝ» ስትለው ነበር። ስለ ፈተናው አልጠየቀችም። በዚያ ሳምንት ሁላችንም እንደ እናቴ ሆነን ነበር ማለት ይቻላል። አልቆየም እንጂ።

ውጤቱ ጥር ላይ መጣ። ከተፈተኑት 896,520 ልጆች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው። ከመቶ ሦስት ናቸው ማለት ነው። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ ቀጥሎ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አልፈው 8.4 በመቶ ሆነ። ኩረጃው መቆሙን ከሚደግፉት አንዱ ነኝ፤ የተሰረቀ ፊደል ያስገባው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሰቃይ አይቻለሁ። ነገር ግን ከመቶ ማሳ ዘጠና ሰባቱ በዋግ ሲመታ ማሳዎቹን ሰነፎች ብሎ የሚሰድብ ገበሬ እኛ አገር የለም፤ ዘሩን፣ አየሩን፣ ኬሚካሉን ነው የሚጠይቀው። የዚያን ዓመት ልጆች ግን በየቤታቸው የተባሉትን ተባሉ። ማንኛውም ወላጅ የራሱን ልጅ ብቻ ነው የወደቀ አድርጎ ያየው።

ምክንያቱም አሁን ሰሌዳ የለም። ውጤት የሚመጣው በስልክ ነው። «ዛሬ ማታ ይለቀቃል» ይባልና አገር ሳይተኛ ያድራል። ድረ ገጹ ይጨናነቃል፤ ቴሌግራሙ ይሞከራል፤ ኔትዎርክ ፍለጋ ከፍ ያለ ቦታ የሚወጣም አለ። የመለያ ቁጥሩን አባት ቀድሞ በቃሉ ይዞታል፤ ልጅ ሳያየው አባት ሊያየው ይችላል። አንድ አባት የልጁን ውጤት ሌሊት አይቶ፣ ልጁን ከእንቅልፉ ሳይቀሰቅስ ለወንድሙ፣ ለአጎቱና ለእኔ ፎቶ አንስቶ ላከው። ሲነጋ ውጤቱን ከሁሉም በኋላ የሰማው ልጁ ራሱ ነበር። ፎቶው የመጣልኝ ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ከሥሩ «ምን ላድርገው?» የሚል ነበረበት። ልጁን ማለቱ ይሁን ውጤቱን ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ።

ከሃምሳ በታች ላመጡት በዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ሪሚዲያል የሚባል መንገድ ተከፍቷል፤ ጥሩ ነው፤ ብዙ ልጅ አትርፏል። ለእሱም መቁረጫ ነጥብ አለ፤ ያም ሌላ መጠበቅ ነው። ያንን ላላገኙት ግን «የት ልሂድ?» ሲሉኝ የማሰልጠኛዎቹን ስም ስጠራ እናቶች ፊታቸው ይጠቁራል። ሁለት ነጥብ ስድስት ይዤ ማሰልጠኛ የገባሁት ሰው ፊታቸው ተቀምጬ እያስረዳኋቸው፣ «ኧረ ቲቸር፣ እሷ እዚያ ደረጃ ወረደች እንዴ?» ይሉኛል። ቅር አይለኝም። ቲቸር ብለው የሚያከብሩኝ እነሱው ናቸው።

የወንድሜ ልጅ ባለፈው ዓመት አርባ አንድ በመቶ አመጣች። ወንድሜ ለሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣም፤ ለቅሶ እንኳ አልደረሰም። እሷ ግን ማንንም ሳታስቸግር ምዝገባው የሚካሄድበትን ቀን ጠይቃ፣ ፎቶ ተነስታ፣ እዚያው አጋርፋ ማሰልጠኛው ገባች። የዕፅዋት ትምህርት ነው የምትማረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ስትመጣ ቡትሷን አድርጋ የአባቷ ስንዴ ውስጥ ትገባለች፤ ቅጠሉን በጣቷ እያሸች ቢጫ ዋግ መኖር አለመኖሩን ታያለች። ዘንድሮ ቀድማ አግኝታው ማሳው በጊዜ ተረጨ፤ የጎረቤት ገበሬዎችም «ልጅሽ ትምጣልን» እያሉ እናቷ ጋ ይመላለሳሉ። ባለፈው ወንድሜ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን አንድ እንግዳ «ልጅህ የት ደረሰች?» ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ በመስኮቱ ወደ ማሳው ተመለከተ። ልጅቷ ቡትሷ ጭቃ ለብሶ ስንዴው መሃል ቆማለች።

«ሮቤ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው» አለ።